የአክስብሪጅ ጭቃ፦ የአንድ ማሳያ ግድግዳ የሥራ ማስታወሻ

የምሠራው ትንሽ ግድግዳ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ከዚያ ጥቂት ያንሳል። ክፈፉ የኦክ እንጨት፣ ሆዱ የተጎነጎነ ቅርንጫፍ፣ ልብሱ ጭቃና ኖራ። ጣሪያ አይሸከምም፣ ሰውም አይኖርበትም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሱመርሴት፣ አክስብሪጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለውን የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም የሚጎበኙ ልጆች እንዲነኩት፣ እንዲቧጥጡትና በጀርባው ዞረው እንዲያዩት ታስቦ የሚሠራ ነው።

ሙዚየሙ ያለበት ቤት የሚታወቀው «የንጉሥ ጆን የአደን ቤት» በሚል ስም ነው። ስሙ ሁለት ጊዜ ይዋሻል። ንጉሥ ጆን የሞተው በ1216 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ቤቱ የቆመው ደግሞ በ1460 ገደማ። የአደን ቤትም አልነበረም። በከተማዋ አደባባይ ጥግ ላይ የቆመ የሱፍ ነጋዴ ቤት ነው፤ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ከዚያ በላይ መኖሪያ፣ ከሁሉም በላይ መኝታና ማከማቻ። የላይኛው ወለል ሁልጊዜ ከሥሩ ካለው ይልቅ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ ይታያል። ቆይቶ «የንጉሡ ራስ» የሚባል መጠጥ ቤት ሆነ፤ ጥጉም ላይ የተቀረጸ የንጉሥ ራስ አለ። ጆን ወደዚህ ቤት የገባው በዚያ በኩል ሳይሆን አይቀርም። በ1968 ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ተላለፈ፤ በ1971 ታደሰ። ሙዚየሙን የሚያንቀሳቅሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሩን የሚከፍተው፣ ወለሉን የሚጠርገው፣ የቅርሶቹን መዝገብ የሚይዘው ሁሉ ደመወዝ የሌለው ሰው ነው።

ለምን ግድግዳ? ጎብኚ ሲገባ ዓይኑ እንጨቱ ላይ ይቀራል። ስንት ዓመቱ ነው? ማን ጠረበው? ከአሮጌ መርከብ የተፈታ ነው የሚባለው እውነት ነው? (የመርከቡ ወሬ በእንግሊዝ አገር የእንጨት ቤት ባለበት ሁሉ ይነገራል፤ ብዙውን ጊዜ ሐሰት ነው። ባዶ የቀሩት መጋጠሚያ ቀዳዳዎች በአንድ ወቅት እዚያ የነበረ ግድግዳ ወይም ደረጃ እንደተነሣ ነው የሚናገሩት።) በእንጨቶቹ መካከል ስላለው ነገር ግን የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ያሉ ቤቶች ሲሠሩ ግድግዳቸው የሚሞላው በጭቃ ነበር። ጭቃ ቤት ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልቻልኩም።

የካቲት፣ ቅዳሜ

በመጀመሪያ የተነጋገርነው ምን ማድረግ እንደማንችል ነው። ቤቱ በሕግ የተመዘገበ ቅርስ ነው። በ1990 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለውን ሕንፃ ጠባይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። «ውስጡን እናሳያችሁ» ብሎ ከግድግዳው ልስን መላጥ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ለብቻው የሚቆም፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው ማሳያ እንሠራለን።

ቅርንጫፉን ዛሬ ቆረጥን። ሄዝል ለውዝ መሰል ፍሬ የሚያፈራ ቁጥቋጦ ነው። ከሥሩ ሲቆረጥ አይሞትም፤ ቀጥ ቀጥ ያሉ ብዙ ቀንበጦች ያወጣል፣ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ሲሞላው እንደገና ይቆረጣል። እንግሊዞች ለብዙ መቶ ዓመታት አጥራቸውን፣ ቅርጫታቸውንና ግድግዳቸውን ያገኙት ከዚህ ዑደት ነው። የሚቆረጠው በክረምታቸው፣ ቅጠል ሳያወጣ ነው፤ ያን ጊዜ የእንጨቱ ፈሳሽ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉቶውም በጸደይ አዲስ ቀንበጥ ለማውጣት ጉልበት ይኖረዋል። በሜንዲፕ ኮረብታዎች ግርጌ ጫካ ያለው ሰው ፈቀደልን። የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸውን መረጥን። ወፍራሞቹን ለሁለት ፈለጥናቸው። ብርዱ የዋዛ አልነበረም።

የካቲት መጨረሻ

ክፈፉ ደረሰ። የሠሩት ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው፤ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸውና በልቤ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ በአፌ ግን እንደ አገሩ ልማድ በስማቸው እጠራቸዋለሁ። አሁንም አፌ ላይ ይከብደኛል።

በክፈፉ ውስጥ አንድም የብረት ምስማር የለም። ኦክ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ እርጥብ ኦክ ላይ የተመታ ብረት ይዝጋል፣ እንጨቱንም ያጠቁራል። ጥንት የሚሠራው በእርጥብ እንጨት ነበር፣ ለመጥረብና ለመብሳት ስለሚቀል። ወንዱ (የአንዱ እንጨት ሾጠጥ ያለ ጫፍ) ሴቷ (በሌላው እንጨት ላይ የተቦረቦረ ጎድጓዳ) ውስጥ ገብቶ፣ ሁለቱን በሚያልፍ ቀዳዳ በኦክ ችካል ይታሰራል። ጥበቡ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው፦ የወንዱ ቀዳዳ ከሴቷ ቀዳዳ ጋር ልክ አይገጥምም፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ትከሻው፣ ማለትም ጫፉ ከእንጨቱ ወደሚጀምርበት፣ ይጠጋል። ችካሉ ሲመታ ያንን ልዩነት ለማለፍ ይጎብጥና ሁለቱን እንጨቶች ስቦ ያጣብቃቸዋል። ማጣበቂያ አያስፈልግም።

አናጺው በየመጋጠሚያው ላይ የሮማውያን ቁጥር ጭረውበታል። የድሮ አናጺዎች ክፈፉን ሥራ ቦታቸው መሬት ላይ አጋድመው ይገጥሙት፣ ከዚያ ፈትተው በጋሪ ይወስዱት ነበር፤ ሲያቆሙት የትኛው ከየትኛው እንደሚገባ የሚያውቁት በዚያ ጭረት ነው። ለልጆቹ ይህን ብቻ ማሳየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

መጋቢት

ጉንጎናው። በላይኛው አግዳሚ ሆድ ላይ ቀዳዳዎች ተሰርስረዋል፤ በታችኛው አግዳሚ ጀርባ ላይ ደግሞ ዳር እስከ ዳር ቦይ ተቦርቡሯል። ከኦክ የተፈለጠውን ቋሚ ጫፉን ሾል አድርጎ ወደ ላይኛው ቀዳዳ መስደድ፣ ከዚያ ታችኛውን ጫፍ ቦዩ ውስጥ አስገብቶ ወደ ቦታው ማንሸራተት ነው። አሮጌ ቤት ሲፈርስ ጭቃው ሁሉ ጠፍቶ እንኳ እነዚያ ቀዳዳዎችና ያ ቦይ ይቀራሉ፤ ግድግዳው ጭቃ እንደነበረ አጥኚዎች የሚያውቁት በእነሱ ነው።

እኛ አገር ቋሚውና ማገሩ በልጥ ይታሰራል፣ ወይም ዛሬ ዛሬ በምስማር ይመታል። እዚህ ግን ማሰሪያ የለም፤ ቅርንጫፉ በቋሚዎቹ መካከል አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እያለ ያልፋል። ዳር ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ቢታጠፍ ይሰበራል። መታጠፊያው ላይ በሁለት እጅ ይጠመዘዛል፤ ጭረቱ እንደ ገመድ ሲፈታታ ያለ ችግር ይዞራል። እጄ ላይ የመጣው የእኛ ቤት ግድግዳ አልነበረም፣ ጎተራ ነው። አያቴ ደጅ የነበረው ጎተራ ልክ እንዲህ ተጎንጉኖ በጭቃና በእበት የተመረገ ነበር። አናጺው ጎተራ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስልኬ ላይ ፎቶ ፈልጌ አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና «ዳሩን እንዴት ነው የሚጨርሱት?» አሉ። ከዚያ በኋላ ሥራ ረስተን ስለ ጎተራ አፍ ስናወራ ዋልን።

መጋቢት መጨረሻ

አፈር ፍለጋ። የላይኛው ጥቁር አፈር አይሆንም፤ ሥርና ብስባሽ ስላለበት ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። የሚፈለገው ከሥሩ ያለው ነው። በአክስብሪጅ ዙሪያ ይህ አፈር ቀይ ነው፣ ሸክላም አለው። አንድ ጎረቤት ለአጥር ጉድጓድ ሲያስቆፍር ያወጣውን ሰጠን።

ፍተሻው ቀላል ነው። አፈሩን በመስታወት ማሰሮ ግማሽ ድረስ ሞልቶ፣ ውኃ ጨምሮ፣ በደንብ አናውጦ ማስቀመጥ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ አፈር ቀስ ብሎ ይከተላል፣ ሸክላው ግን ውኃውን አደፍርሶ ይቆያል፣ በማግስቱ ከላይ ይተኛል። ሸክላው ከበዛ ጭቃው ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ካነሰ አይያያዝም። የእኛ ትንሽ አሸዋ ፈልጓል።

ጭድ ሌላ ነገር ነው። የጤፍ ጭድ ደቃቅና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃ ውስጥ ይጠፋል፣ ሁሉንም አቅጣጫ ይይዛል። የስንዴ ገለባ ግን ወፍራምና አንሸራታች ነው። የገብሱ ይሻላል። በጥንቱ የእንግሊዝ ግድግዳ ውስጥ ድርቆሽም ይገኛል፣ ባለቤቱ በእጁ ያለውን ነው የሚጠቀመው። ገብሱን ከጣት እንዳይረዝም ከተከተፍነው በኋላ ከድርቆሽ ጋር ደባለቅነው።

ሚያዝያ

ጭቃውን ረገጥን። አፈሩ፣ ውኃው፣ ጭዱ ሸራ ላይ ፈሶ በእግር። ሁለት ጡረታ የወጡ መምህራን የጎማ ቦት ጫማቸውን አድርገው ከእኔ ጋር ገቡ፤ እኔ በባዶ እግሬ ነበርኩ። እግር የሚያውቀውን ቦት አያውቀውም፤ ያልተፈረፈረ ጓል ያለበትን ቦታ የሚነግረው የእግር መዳፍ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዷ መምህር ቦታቸውን አወለቁ። ጩኸታቸው አደባባዩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ስለ እበት ተነጋገርን። በጥንቱ የእንግሊዝ ጭቃ ውስጥ የከብት እበት የተለመደ ነበር፤ ጭቃውን ያለሰልሳል፣ መያያዝን ይጨምራል። ግን ልጆች እጃቸውን የሚያስገቡበት ጭቃ ከሆነ በእበት ውስጥ ያሉ ጀርሞች ጉዳይ ቀላል አይደለም። ለግድግዳው እበት ያለበት፣ ለልጆቹ መሞከሪያ እበት የሌለበት እንዲሆን ተስማማን። ተገቢ ነው። እበት በባዶ እጄ እየለቀለቅሁ ያደግሁ እኔ እንኳ የሌላ ሰው ልጅ ላይ አልፈርድም።

ማታ እናቴ ጋር ደወልኩ።

«ስንት ቀን አቦካችሁት?»

«ትናንት ነው የረገጥነው፣ እማዬ።»

«ትናንት! ተይ አንቺ ልጅ። ሽታው ሳይለወጥ አትንኪው። ጭዱ ሳይለሰልስ ከመረጋችሁት ይፈነቀላል።»

«እዚህ ብርድ ነው፣ ቶሎ አይቦካም።»

«እንግዲያው ጠብቂ። ማን አባረረሽ?»

ሸራ አልብሰን ተውነው። በየመካከሉ ውኃ እያርከፈከፍን እንደገና ረገጥነው። በመጨረሻ ሽታው መጣ። መምህራኑ አፍንጫቸውን ያዙ፣ እኔ ደስ አለኝ።

ግንቦት፣ ምርጊት

ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ይቆማል። ሁለቱም ጭቃውን ጨብጠው በአንድ ጊዜ ይመታሉ፣ ከፊት የሚገባውና ከኋላ የሚገባው በጉንጎናው ክፍተት ውስጥ ይገናኙና ይቆላለፋሉ። አንድ ሰው ብቻ ከአንድ ወገን ቢመርግ ጭቃው በሌላው ወገን ገፍቶ ይወድቃል። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል። አናጺው ከኋላ፣ እኔ ከፊት ነበርን፤ በጭቃው ውስጥ የእርሳቸው ቡጢ ሲመጣ እየተሰማኝ በእኔ መዳፍ እቀበለዋለሁ። ብዙ አላወራንም።

ግድግዳውን በአራት ከፈልነው። የመጀመሪያው ባዶ ጉንጎና ብቻ፤ ሁለተኛው የጣት አሻራ ያለበት ሸካራ ጭቃ፤ ሦስተኛው የተስተካከለና ለልስን እንዲይዝ በእንጨት የተጫረ፤ አራተኛው ኖራ የሚቀባ።

በጭቃ ቤት ምርጊት ቀን ደቦ ይጠራል፣ ጠላ ይቀርባል። እዚህ ሻይና ኬክ ቀረበ። አንድ ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ ስለ ኢትዮጵያ ሲነሣ የባዝን ነገር አነሡ። ባዝም በሱመርሴት ያለች፣ ከዚህ ብዙ የማትርቅ ከተማ ናት፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት እዚያ፣ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት ነው። በኋላም ቤቱን ለከተማዋ በስጦታ ሰጥተዋል። ሽማግሌው ይህን የነገሩኝ እንደማላውቀው አድርገው ነው፣ እኔም ጨዋታቸውን ላለማቋረጥ እንደ አዲስ ሰማኋቸው።

ግንቦት መጨረሻ፣ ማድረቂያ

ቸኩሎ ማድረቅ የለም። ማሞቂያ ብናስጠጋ ፊቱ ደርቆ ሆዱ እርጥብ ይቀርና ይሰነጠቃል። አየር በሚገባበት ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንደታሰበውም በኦክ ክፈፉና በጭቃው መካከል በዙሪያው ቀጭን ክፍተት ተከፈተ፣ መሐሉም ላይ ጥቂት የፀጉር ስንጥቆች ታዩ። ክፍተቱን በውኃ አርሶ በቀጠነ ጭቃ መሙላት ነው፣ በደረቅ ጭቃ ላይ እርጥብ ጭቃ አይይዝምና።

ይህችን ክፍተት ልጆቹ እንዲያዩ አንድ ጥግ ላይ ሳልሞላት ተውኳት። የእነዚህ ቤቶች ሞትና ሕይወት ያለው እዚያ ላይ ነውና። እንጨት እንደ አየሩ ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ ስለዚህ በእንጨትና በጭቃ መካከል ምንጊዜም ስንጥቅ አይጠፋም፣ ዝናብም ይገባል። ጭቃና ኖራ የገባውን እርጥበት መጥጠው በፊታቸው በኩል መልሰው ያተኑታል፣ እንጨቱ ይደርቃል። በ20ኛው መቶ ዘመን ብዙ ባለቤቶች ጭቃውን እያወጡ ሲሚንቶ ሞሉበት፣ ወይም በላዩ ለሰኑት። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አይፈረፈርም። ነገር ግን በዳሩ የገባውን ውኃ መውጫ ያሳጣዋል። ውኃው በኦክና በሲሚንቶ መካከል ይታሰራል፣ አምስት መቶ ዓመት የቆመ እንጨት በጥቂት አሠርት ዓመታት ውስጥ ከማይታየው ወገኑ ይበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ ያማረበት ነው። በ1877 ዊልያም ሞሪስና ባልንጀሮቹ የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ሲያቋቁሙ የተከራከሩት አሮጌ ሕንፃ እንደ አዲስ ከሚታደስ ይልቅ በዕለት ተዕለት እንክብካቤ ይጠበቅ ብለው ነው።

ይህ የእንግሊዝ ጣጣ ብቻ አይደለም። እኛም ጭቃ ቤት በሲሚንቶ መለሰንን የኑሮ መሻሻል ምልክት አድርገነዋል። ጭቃውና ሲሚንቶው እኩል ስለማይነፉና ስለማይኮማተሩ ልስኑ ሆዱ ያብጣል፣ ከዚያ በሰፊው ይገነጠላል። ባለቤቱ የሚወቅሰው ግን ጭቃውን ነው። እናቴ ቤት ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ባለፈው ክረምት እንዲህ ሲሆን በስልክ አይቻለሁ፣ ብንነጋገርም አልተግባባንም።

ሰኔ፣ ኖራ

ኖራ ለመቀባት ውርጭ ማለፍ አለበት፣ የጠራራ ፀሐይም አይስማማውም። እዚህ አገር ሁለተኛው አያሳስብም። በውኃ ጠፍቶ የረጋ ኖራ ገዝተን እንደ አሬራ እስኪቀጥን በወንፊት አጠለልነው። የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው፤ ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ በዚህ ቀልድ የለም።

ግድግዳው በውኃ ይረሰርሳል፣ ከዚያ ኖራው በስሱ ይቀባል። ሲቀባ ምንም ያልተቀባ ይመስላል፣ ጭቃው በሥሩ ይታያል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አልነጣም ብሎ ያወፍረዋል፣ ወፍራም ኖራ ደግሞ ሲደርቅ ይላጣል። ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁት ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ይነጣል፣ ወደ ድንጋይነትም ይመለሳል። አራት አምስት እጅ ያስፈልገዋል።

እንጨቱን ማጥቆር ይገባል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሰው የሚያስታውሰው የእንግሊዝ ቤት ጥቁርና ነጭ ነውና። እኔና አናጺው አይሆንም አልን። በብዙ ቦታ ጥቁሩ ቀለም በ19ኛው መቶ ዘመን የመጣ ፋሽን ነው። ኦክ ሳይቀባ ሲቀር ግራጫ ይሆናል፤ ብዙ ቤት ላይም ኖራው እንጨቱንም ጭቃውንም አንድ ላይ ያለብሰው ነበር። ስለዚህ የክፈፉን አንዱን ቋሚ ከጭቃው ጋር ኖራ ቀባነው፣ ሌላውን ተውነው። ጥቁር ፈልጎ የመጣ ጎብኚ ይጠይቅ።

ሰኔ መጨረሻ

ልጆቹ መጡ። አሳዩን የሚል አልነበረም፣ ሁሉም «እኔ ልምረግ» ነው። እበት የሌለበትን ጭቃ በትንንሽ ክፈፎች ሰጠናቸው። አንዲት ልጅ ጭቃውን በአንድ ወገን ብቻ እየጠፈጠፈች ወድቆ ሲያስቸግራት፣ ማንም ሳይነግራት ጓደኛዋን ከጀርባ አቆመች። ይህን ለማስተማር ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

አንድ ልጅ አይጥ ግድግዳው ውስጥ ትገባ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ትገባ ነበር።

ሐምሌ፣ መግለጫው

ግድግዳው አልቋል፤ ያላለቀው አጠገቡ የሚለጠፈው ጽሑፍ ነው። ሰው ቆሞ የሚያነበው ከስልሳ ቃል እንደማይበልጥ ልምድ ያላቸው ሁሉ ይናገራሉ፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትግል ነው። ረቂቁን ያነበበ አንድ የውጭ ወዳጄ «በኢትዮጵያ ሰዎች እስከ ዛሬ እንደ መካከለኛው ዘመን ይኖራሉ» የሚል ቢጨመርበት ጎብኚውን ይስባል አለኝ። በጎ አስቦ ነው። እምቢ አልኩ። እናቴ የምትኖርበት ጭቃ ቤት የተሠራው እኔ ከተወለድኩ ወዲህ ነው፤ መብራት አለው፣ ቴሌቪዥን አለው፣ ቆርቆሮው ባለፈው ዓመት ተለውጧል። ግድግዳው ላይ የቆመው የባሕር ዛፍ እንኳ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የ15ኛው መቶ ዘመን የሱፍ ነጋዴና እናቴ የሚጋሩት አፈሩን፣ ጭዱንና ቅርንጫፉን ነው፣ ዘመኑን አይደለም።

የተስማማንበት ጽሑፍ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ስንጥቁ ለምን እንዳለና ለምን በሲሚንቶ እንደማይሞላ ይናገራል። በመጨረሻው መስመር እንዲህ ያለው ግድግዳ በዚህ ዓመትም በኢትዮጵያና በሌሎች አገሮች እየተሠራ መሆኑ ተጽፏል። በአጠቃላይ ስልሳ ሁለት ቃል ሆነ፤ ሁለቱን ማንም አልቆጠረብንም።

የተረፈው ጭቃ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ መሣሪያ ማስቀመጫው በስተግራ አለ። ልጆች የቧጠጡት ቦታ ሲሰፋ መጀመሪያ በውኃ ይረሰርስ፣ ከዚያ ከባልዲው ይሞላ። ጭቃው ከደረቀ ውኃ ጨምሮ መርገጥ ነው። ሽታው ከመጥፎ ነገር የመጣ ስላልሆነ ማንም እንዳይደፋው በክዳኑ ላይ ጽፌበታለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ሄዝሉን ከየካቲት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል፣ የጫካው ባለቤት ለአጥር ሠሪዎችም ቃል ገብቷል።